የአይዲ ፎርን እግር ለጎንደር ኮብልስቶን፤ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 24 ቀን 2018

ዛሬ እማየ ቁስቋም ኪዳን አድርሳ ወደ ማራኪ ስመልሳት፣ ኮብልስቶኑ ላይ እንደገባን የፊት ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። «ልጄ ቀስ በል፤ አንጀቴን ናጠው እኮ» አለችኝ። የፍጥነት መለኪያውን ሳየው 18 ነው። ከዚያ በታች የቀረኝ ማቆም ብቻ ነበር።

መኪናው የቮልስዋገን አይዲ ፎር ክሮዝ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ 204 የፈረስ ጉልበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ በከተማችን እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ብዙ ነው። መኪናውን ከልቤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋው ወለሉ ሥር የተኛው ባትሪ ነው። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው እግር፣ ማለትም ሞላው፣ ሾኩና ብራቾው፣ በኮብልስቶን ላይ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ሲመላለስ ከርሟል።

የጽጌ ጾም ከነገ ወዲያ ይገባል። እማየ በየእሑዱ ማኅሌተ ጽጌ ላይ መገኘት አለባት፤ ኅዳር 6 ደግሞ የቁስቋም በዓል ነው። እስከዚያ ድረስ መኪናውን ወገቧ የሚችለው ማድረግ አለብኝ። የሠራሁትን እዚህ እመዘግባለሁ፤ ተመሳሳይ መኪና ይዞ የእግር ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ከእኔ ጀምሮ እንዲቀጥል።

መስከረም 27

ጋሼ ጋራዥ ሄጄ ሥሩን አየነው። ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላንድሮቨርና ኤንትሬ ሲሠሩ ኖረዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሥር ሲገቡ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ብርቱካናማውን ገመድ አሳይቼ «ይኸ እንዳይነካ፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ነው» አልኳቸው። ክሪክ የሚገባውም ጎን ላይ ፋብሪካው ካዘጋጃቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው። መሐል ላይ የሚታየው ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር የባትሪው ሽፋን ስለሆነ እዚያ ክሪክ ማስገባት ባትሪን መውጋት ነው። ጋሼ በክሪኩ አፍ ላይ የጎማ ቁራጭ አኖሩና አነሡት።

ያገኘነው ይህ ነው። የኋላ ግራ ሾክ (የሞላውን መወዛወዝ የሚገድበው ባለ ዘይት ቱቦ) ዘይት አፍስሷል፤ አካሉ ላይ አቧራው ረጥቦ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። የኋላ ቀኙ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ጥንድ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም። የፊቶቹ አያፈሱም። ሞላዎቹ አልተሰበሩም። የብራቾዎቹ (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) ጎሚኒዎች፣ ማለትም የመጋጠሚያ ላስቲኮች፣ አልተቀደዱም። መኪናው ከ50 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል፤ በዚህ መንገድ ይህን ያህል ያገለገለ ሾክ ቢያልቅ የሚገርም አይደለም።

ሌላም ነገር ተገኘ። የጎማው ንፋስ አራቱም ላይ 46 ፒኤስአይ ነበር። ባለፈው ወር የሞላልኝ ጎሚስታ «መኪናው ከባድ ነው» ብሎ ጨምሮልኛል። የሾፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈው ልክ ከዚህ ያነሰ ነው። አስተንፍሼ ወደ ተለጠፈው ልክ አወረድኩት። አንድ ሳንቲም ሳላወጣ ከጋራዡ እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ለወጥ ብሎ ተሰማኝ።

ጥቅምት 2

ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ያለኝን ልወቀው ብዬ ሞላውን ለካሁት። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምኩ። ከጎማው መሐል አንሥቼ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ሽፋን) ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካሁ። ከመሬት ያልለካሁት የጎማ ንፋስ ልኬቱን እንዳያዛባው ነው። የኋላ ግራ 418 ሚሊ ሜትር፣ የኋላ ቀኝ 419 ሆነ። ከዚያ ጎረቤቴ ለቤት ሥራ ካስመጣው ሲሚንቶ አራት ከረጢት ተውሼ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ሥር፣ ከጎማዎቹ መሐል ትይዩ ደረደርኩ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ ድምሩ 200 ኪሎ ነው። መኪናውን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሼ ጎማዎቹ እንዲለቁ ካደረግሁ በኋላ እንደገና ስለካ 388ና 389 አገኘሁ። ልክ 30 ሚሊ ሜትር ወርዷል።

200 ኪሎ ወደ 1,960 ኒውተን ነው፤ ለእያንዳንዱ ጎማ 980 ይደርሰዋል። ለ30 ሲካፈል በአንድ ሚሊ ሜትር 33 ኒውተን ገደማ ይመጣል። በአንዱ የኋላ ማዕዘን ላይ የተሸከመውን ክብደት 510 ኪሎ ብወስደው፣ መኪናው ባዶውን በሰከንድ 1.3 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል ማለት ነው። ሰው ሲሞላበት ወደ 1.2 ይወርዳል። ለወገብ የሚስማማ ሞላ ነው። ስለዚህ ሞላው ጤነኛ ነው። ይህን ማወቄ በኋላ ብዙ ገንዘብ አድኖልኛል።

ጥቅምት 5

ሞላው ደህና ከሆነ እማየን የሚንጣት ምንድን ነው?

ስልኬ ላይ ፊፎክስ የሚባለውን መተግበሪያ ጫንኩ። በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በነፃ የሚያድለው ነው፤ የስልኩን የንዝረት መለኪያ ከፍቶ ስንት ንዝረት በየትኛው ፍጥነት እንደመጣ ይሥላል። ስልኩን እማየ ከምትቀመጥበት እግር ሥር ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቄ፣ አንዱን የኮብልስቶን ቁልቁለት በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራት ጊዜ ተመላለስኩበት።

ሥዕሉ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ታዩኝ። የመጀመሪያው በሰከንድ 1.3 አካባቢ ያለች ትንሽ ጉብታ ናት፤ በሲሚንቶ የለካሁትን ሞላ በሌላ መንገድ አገኘሁት። ሁለተኛው ከ10 እስከ 13 ያለ ትልቅ ጉብታ ነው። ሦስተኛው 50 አካባቢ የተዘረጋ ሸካራ ነገር ነው።

የሦስተኛው ምንጭ ቀላል ነው። የእኛ ኮብልስቶን ጥቁር ድንጋይ ስፋቱ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 5.5 ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማው በየሰከንዱ 55 ድንጋይ ይረግጣል። ይህን ያህል ፈጣን ንዝረት ሞላውም ሾኩም ሊይዙት አይችሉም፤ የሚያበርደው የጎማው ጎንና የብራቾው ጎሚኒ ነው። ሾክ በመቀየር ይህን አጠፋለሁ የሚል ሰው ገንዘቡን ያጣል።

ሁለተኛው የጎማው የራሱ መዝለል ነው። ጎማና ቸርኬ፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ የብራቾው ግማሽ ክብደት ከታች በአየር ጎማ፣ ከላይ በሞላ ተይዘው ለብቻቸው ይነጥራሉ። ያንን የሚገድበው ሾክ ብቻ ነው። ሾኩ ካለቀ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይረግጣል። ዝናብ በነበረ ጊዜ ከጎሐ ቁልቁለት ስወርድ በቢ ማርሽ ላይ ሞተሩ መልሶ ባትሪ እየሞላ መኪናውን ይይዝልኝ የነበረው በድንገት የሚለቀኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። መልሶ የሚይዘው የኋላ ጎማው ነው። ጎማው እየዘለለ ከሆነ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሲስተም ይዞታውን ያላላዋል። የፈሰሰ ሾክ ከምቾት ባሻገር የፍሬን ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ዝግ ያለው መወዛወዝ ነው፤ እሱ አያስቸግረንም።

ስለዚህ በሽታዎቹ ሁለት፣ መድኃኒቶቹም ሁለት ናቸው። ለ50ው የጎማ ጎን፣ ለ12ቱ ሾክ። አጠቃላይ የንዝረቱ መጠን ዛሬ በሰከንድ ካሬ 2.4 ሜትር ወጥቷል። ለሰው ምቾት የሚጠቀሙበት አይሶ 2631 የሚባል መለኪያ አለ፤ ነገር ግን እሱ ለሰው አካል በተመዘነ ስሌት ነው፣ የእኔ ደግሞ ያልተመዘነ ጥሬ ቁጥር ነው። ከራሱ ጋር ብቻ አነጻጽረዋለሁ።

ጥቅምት 12

ሳምንቱን በስልክ አሳለፍኩት። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያሉ ሦስት ሻጮች፣ አንድ ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ። የቀረበልኝንና ያልኩትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የቀረበልኝ ማስረዘሚያ ነው። «ወንድሜ፣ 3 ሴንቲ ከፍ አድርገው፤ ድንጋይ አይነካህም» አለኝ አንዱ። ፊት ላይ በሾኩ ራስና በሻሲው መሐል፣ ኋላ ላይ ከሞላው በላይ የሚገባ ቁራጭ ነው። መጀመሪያ ሳስበው ልቤ ከጅሏል፤ ሥሩ ባትሪ ነውና ማንም ከፍ እንዲል ይመኛል። ስመረምረው ግን ተውኩት። የአይዲ ፎር የኋላ ሞላ የሚቀመጠው ብራቾው ላይ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ሞላው ላይ ብጨምር ጎማው ላይ ከዚያ በላይ ሆኖ ይወጣል። መንጃው የኋላ ስለሆነ ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚሄዱት ሁለቱ ዘንጎች ማዕዘናቸው ይጨምራል፤ መጋጠሚያቸው ቀን ከሌት በጎበጠ አቅጣጫ ይዞራል። ሾኩ ባዶውን ሲቆም ቀድሞውኑ የተዘረጋ ይሆናል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጎማው ወደ ታች መውረድ መቻሉ ወደ ላይ ከመውጣቱ እኩል ያስፈልጋል። የፊት መብራቱና የመስተዋቱ ካሜራ አቅጣጫም ይዛባል። መኪናዬ እስካሁን ሥሩን የነካው አንድ ብሬከር ላይ ብቻ ነው፤ ያውም አምስት ሰው ሆነን።

ሁለተኛ ጠንካራ ሞላ ቀረበልኝ። ሲሚንቶው መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶኛል። ለዚህ መኪና ከውጭ የሚመጡት የሞላ ስብስቦች ደግሞ ብዙዎቹ መኪናውን ዝቅ የሚያደርጉ ናቸው፤ ለአውሮፓ አውራ ጎዳና የታሰቡ። ለጎንደር ዝቅ ማድረግ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው በኋላ ሞላው ውስጥ የሚገባ በንፋስ የሚነፋ ፊኛ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ባዶ ሲሆን ታስተነፍሰዋለህ፣ ጭነት ሲኖር ትነፋዋለህ። ጭነት የሚያመላልስ ሰው ሊያስብበት ይገባል። እኔ የምጭነው እማየንና ሁለት እኅቶቿን ነው። በጠጠር መንገድ ደግሞ በሞላውና በፊኛው መሐል የሚገባ ጠጠር ላስቲኩን ይበላዋል።

አራተኛው ሾኩ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ የውስጡ ቱቦ ውስጥ ፒስተኑ ይሠራል፣ በውጩ ቱቦ ላይኛው ክፍል አነስተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ይቀመጣል። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ነው፤ ጋዙ በጣም ከፍ ባለ ግፊት ከዘይቱ በታች በተንቀሳቃሽ ክዳን ተለይቶ ይታመቃል። ባለ አንድ ቱቦው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ አየር ስለሚያወጣና ዘይቱ አረፋ ስለማይሠራ ረጅም ጠጠር መንገድ ላይ ይበልጣል። በየቀኑ ወደ መተማ ወይም ወደ ደባርቅ የምመላለስ ብሆን ያለ ማመንታት እሱን እገዛ ነበር። ነገር ግን ያ ከፍተኛ ግፊት ዘንጉን የሚይዘውን ላስቲክ ያጠብቀዋል፤ ሾኩ ለትንሽ ድንጋይ ከመንቀሳቀሱ በፊት ያንን ጭብጥ ማሸነፍ አለበት። በ18 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኮብልስቶን ላይ እያንዳንዷ ድንጋይ ትንሽ ናት። የእማየ መንገድ ይህ ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ፦ ባለ ሁለት ቱቦ፣ በፋብሪካው ልክ የተሠራ፣ ለአራቱም። ፊቶቹ ባያፈሱም ከኋላ እኩል ዕድሜ አላቸው። ሻጩ «ስፖርቱን ውሰድ፤ ዋጋው ትንሽ ነው የሚለየው» እያለ ወተወተኝ። እምቢ አልኩ። ውድ የሆነው ሁሉ ለሁሉ መንገድ አይሆንም።

ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር። ይህ መኪና ቻይና ውስጥ ክሮዝና ኤክስ ተብሎ በሁለት ድርጅቶች ይሠራል፤ አውሮፓም ሌላ አለ። «የአይዲ ፎር ሾክ» ብላችሁ አትዘዙ፤ ከራሱ ከአሮጌው ሾክ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥር በስልክ አንሥታችሁ ላኩ። ሁለተኛ፣ ሾኩ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት መኖሩን እዩ። በትእዛዝ የሚጠነክርና የሚላላ ሾክ የተገጠመላቸው አሉ፤ በእነሱ ቦታ ተራ ሾክ ቢገባ ዳሽቦርዱ ላይ የብልሽት መብራት ይበራል። የእኔ የለውም።

ጥቅምት 19

ጎማና ቸርኬ ገባ። 20 ኢንች የነበረውን ወደ 18 አወረድኩት።

የፊቱ 235/50 የሆነ ባለ 20 ነበር፤ የጎማው ጎን ቁመት 117.5 ሚሊ ሜትር ነው። 235/60 ባለ 18 ሳደርገው 141 ሆነ። የኋላው ከ255/45 ወደ 255/55 ሲሄድ ከ115 ወደ 140 አደገ። በሰውና በድንጋይ መሐል ወደ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር አየርና ላስቲክ ጨመርኩ ማለት ነው። የጎማው ሙሉ ቁመት ግን እምብዛም አልተለወጠም፤ የኋላው 737.5 የነበረው 737.7 ነው። የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፣ መኪናውም ዝቅ አላለም። 18 ኢንች ፋብሪካው ራሱ በአንዳንድ አገር የሚያወጣው ልክ ስለሆነ የፊት ፍሬኑን አይነካም፤ ቢሆንም ሳላስረው በፊት በእጄ አዙሬ አየሁት።

ጎማ ሻጩ መጀመሪያ ያመጣልኝ ላይ ከልኩ ቀጥሎ 98 የሚል ነበር። ያ ቁጥር አንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የእኔ መኪና ሰው ሲሞላ ከኋላ በአንድ ጎማ 700 ይደርሳል፤ ብሬከር ሲመታ ደግሞ ስንት እጥፍ ይሆናል። መለስኩትና ለፊት 103፣ ለኋላ 109 አስመጣሁ፤ 875ና 1,030 ኪሎ ይችላሉ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጎማ የማውቀው አንድ ነገር ተብዬ ብጠየቅ ይህን ቁጥር እዩ እላለሁ።

ያው ቁልቁለት፣ ያው 20፣ ያው ስልክ፦ ከ2.4 ወደ 1.9 ወረደ። የ50ው ሸካራ ነገር ግማሹ ጠፍቷል። የ12ቱ ጉብታ ግን እንዳለ ነው። እንዳሰብኩት።

ጥቅምት 28

ሾኮቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደረሱ። ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ደህና ናቸው።

ኅዳር 1

ጋሼ ለልቅሶ ቆላ ድባ ሄደዋል። በዓሉ ስለተቃረበ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሌላ ጋራዥ አስገባሁት። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው። የፊቱ ሞላ በመጭመቂያ ታስሮ ሲወጣ ሁላችንም ከአፉ ፊት ገለል ብለን ቆምን፤ የታመቀ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል። ለኋላው የሞላውን ብራቾ ብሎን ፈትተው ዝቅ አድርገው አሠሩ። ከአራት ሰዓት ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ።

ልኬት፦ 1.5። የ12ቱ ጉብታ ተንዶ ዝቅ ብሏል። ጎሐ ቁልቁለት ላይ በቢ ማርሽ መልቀቁ ቆሟል።

ኅዳር 6

ቁስቋም። እማየ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ከሁለቱ አክስቶቼ ጋር ተቀመጠች። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር መጨረሻውን ዳገት በእግር ወጣነው፤ መኪናው እስከሚደርስበት ድረስ ግን የፊት ወንበሩን አልያዘችም። እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ። እሱን በመስተዋት ሳየው ደስ አለኝ።

ኅዳር 24

ከኋላ ግራ ድምፅ አለ። ቀስ ብዬ ከግቢ ስወጣ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ይላል። ሜትሩን አወጣሁ። የኋላ ቀኝ 419፣ እንደ ድሮው። የኋላ ግራ 427። ከጥቅምት 2ቱ ልኬት ጋር ሲነጻጸር 9 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ሞላውን አልቀየርንም። ሾክ ደግሞ መኪና አይሸከምም፤ የጋዙ ግፊት ጥቂት ቢያነሣ እንኳ ሁለቱንም እኩል ያነሣል እንጂ አንዱን ለብቻ አያነሣም። ታዲያ ግራውን ማን ከፍ አድርጎ ያዘው?

ኅዳር 26

ጋሼ መልሱን መኪናውን ሳያነሡ አወቁት። «ብራቾውን ተንጠልጥሎ ነው ያሰሩት» አሉ።

ይህን ያልሰማ ሰው ይኖራልና በደንብ ልጻፈው። የብራቾው ጎሚኒ የሚዞር ኩሽኔታ አይደለም። ሁለት የብረት ቀለበት፣ በመሐላቸው የተጣበቀ ላስቲክ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ቀለበት ከሻሲው ጋር ቆልፎ ይይዘዋል፤ ብራቾው ሲንቀሳቀስ የሚጣመመው ላስቲኩ ብቻ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ «ቤቴ እዚህ ነው» ብሎ የተንጠለጠለበትን ቦታ ይይዛል። መኪናው ሲወርድ ክብደቱ ላስቲኩን ዕለት ከዕለት፣ ቆሞ ባደረበት ሌሊት ሁሉ ሳይቀር ጠምዝዞ ይይዘዋል። ላስቲኩም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገፋል፤ 9 ሚሊ ሜትሩ የመጣው ከዚያ ነው። የቀኙን ሌላው ልጅ ስለሠራው ይሆናል፤ በትክክል ታስሯል።

ጋሼ ግራውን አነሡት፣ ጎማውን አወለቁት። ከዚያ ሁለተኛ ክሪክ በጎማው ማሰሪያ ሥር አግብተው፣ እኔ በሜትር ከመሐሉ እስከ ፓራፋንጎው እያነበብኩላቸው ቀስ ብለው አነሡ። 440... 430... 421... 418። «በቃ» አልኳቸው። ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ያለ ያህል ሆነ። በዚያ ሁኔታ ብሎኑን አላሉት። ሲላላ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ብራቾው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። የተጠመዘዘው ላስቲክ ሲለቀቅ ነው። ባትሪ አብርተን ስናይ ጎሚኒው በአንድ በኩል የጥፍር ርዝመት ያህል ተቀድዷል። በአራት ሳምንት ውስጥ።

ከመስከረም ጀምሮ የተጠነቀቅሁለት ጎሚኒ ነበር፤ ሳየው አዘንኩ። አዲስ ጎሚኒ አዘዝኩ፤ አዲስ ብሎንም ጨመርኩ፤ አንዴ በዲግሪ ተጠምዝዞ የታሰረ ብሎን ዳግም መታሰር የለበትምና። ያሠራሁበት ጋራዥ ሄጄ ለልጁ ነገርኩት። አልተከራከረኝም፤ «እኛ ሁሌም እንዲህ ነው የምናስረው» አለኝ። ሜትሬን አውጥቼ አሳየሁት። አብረን አንድ ሌላ መኪና ለካን።

ታኅሣሥ 6

አዲሱ ጎሚኒ ገባ፤ በ418 ላይ ታሰረ። ከዚያ ጋሼና እኔ የጎማውን አቅጣጫ በሲባጎ ለካን። ከመኪናው በሁለቱም ጎን ከመሬት በጎማው መሐል ቁመት ሲባጎ ወጥረን፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው ፊትና ኋላ ጠርዝ ያለውን አነበብን። የፊትና የኋላው ስፋት ስለሚለያይ ሲባጎው ከመኪናው መሐል እኩል እንዲርቅ ለማድረግ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ጋሼ ሲባጎውን በጣታቸው እንደ ክራር ጅማት መታ እያደረጉ መወጠሩን ይፈትኑ ነበር። የኋላ ግራው 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተከፍቶ ስለነበር ወደ ውስጥ መለስነው። ባሕር ዳር ስወርድ በማሽን አስፈትሸዋለሁ፤ ለአሁኑ መሪው ቀጥ ብሏል።

ታኅሣሥ 19

አራቱም ቁመት፦ ኋላ 418 እና 419፤ ፊት 421 እና 421። ንዝረት በዚያው ቁልቁለት 1.4። ድምፅ የለም።

የቀረኝ የመጠባበቂያ ጎማ ነው። መኪናው ከፋብሪካው ይዞ አልመጣም፤ ፊትና ኋላው ደግሞ ስፋቱ ይለያያል። የፊቱን 235/60 አንድ ትርፍ ገዝቼ ሻንጣው ውስጥ ላስር አስቤያለሁ፤ ቁመቱ ከኋላው ጋር በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይለያይ እስከ ጎሚስታ ያደርሰኛል። ሳስረው ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቁመቱን እንደገና እለካለሁ።

እማየ ነገ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልትሄድ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ብላኛለች።